የደብሩ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ይሠራል?

ክቡር አዘጋጅ፣

በሰሜን ቨርጂኒያ ስለሚኖሩ አዛውንቶቻችን ብቸኝነት ያወጣችሁትን አነበብኩ። ጥሩ ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ "ልጆች ወላጆቻቸውን ረሱ" የሚል ወቀሳ ላይ ቀረ። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እናቱን ቀን ቀን ማን ዘንድ ያስቀምጥ? እኔ ይህን ጥያቄ የምጠይቀው ልጆቹን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያኖቻችንንና መስጊዶቻችንን ነው።

አሌክሳንድሪያ ያለውን ጉድዊን ሃውስ ብዙዎቻችሁ በመንገድ ስታልፉ ታዩታላችሁ። የቨርጂኒያ ኤጲስቆጳሳዊት ቤተ ክርስቲያን ሀገረ ስብከት ያቋቋመው የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ስሙም ከጳጳሱ ከፍሬድሪክ ጉድዊን የመጣ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በ1987 ደግሞ የኛ ሱቅና ምግብ ቤት በሞላበት በቤይሊስ ክሮስሮድስ ሁለተኛው ተጨመረ። ለትርፍ አይሠራም፣ የሌላ እምነት ሰውም ይቀበላል። ሰው ጤነኛ እያለ ገብቶ በራሱ አፓርትማ ይኖራል፤ ሲደክም ረዳት ይመደብለታል፤ ሲታመም እዚያው ግቢ ውስጥ ነርሶች ይይዙታል።

ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። የመግቢያውም የወር ክፍያውም ከባድ ነው፤ ቤቱን ሸጦ ካልሆነ የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። ግን አንድ ነዋሪ ያለ ጥፋቱ ገንዘቡ ቢያልቅበት ውጣ አይባልም፤ ለዚሁ ተብሎ መዋጮ የሚሰበሰብበት ፈንድ አለ። የቤተ ክርስቲያን እጅ ያለበት መሆኑ ለኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። ተልዕኳቸውም አረጋውያኑን ብቻ ሳይሆን የሚንከባከቧቸውንም ማክበር ነው ይላሉ። እውነትም የውጭ አገር ተወላጅ ሠራተኞች ዜግነት ሲያመለክቱ ክፍያውን ይሸፍኑላቸዋል። ይህን ለመሰሉ ቤቶች ጉልበታቸውን የሚሰጡ ስንት እህቶችና ወንድሞች እንዳሉን እናንተም ታውቃላችሁ።

ወደ ሜሪላንድ ስንሻገር አይሁዶች አሉ። ዛሬ ሮክቪል ያለው የአረጋውያን ቤታቸው የተመሠረተው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ወላጆቻቸው በስተርጅና በሃይማኖታቸው የማይፈቀድ ምግብ እንዳይበሉ አስበው ሠሩት። የኛ እናት ግን ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ትገባለች፣ ዓርብ ዶሮ ይቀርብላታል፣ ጾም ነው ብላ ለማስረዳት ቋንቋ የላትም። የት እንደሚያማት የምትናገረው በእጇ እያመለከተች ነው። ዕድለኛ ከሆነች አንዲት አበሻ ነርስ ትገኝና ታስተረጉምላታለች፤ ያቺም ሺፍቷ ሲያልቅ ትሄዳለች።

እኛ ደግሞ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ደብር ገዛን፣ አደስን፣ ጉልላት አቆምን። ይህን አልቃወምም፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ግን ያ ሁሉ አዳራሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ነው የሚውለው!

እንደ ጉድዊን ሃውስ ያለ ሕንፃ እንሥራ ብንል ገና በኮሚቴው እንጣላለን፣ ገንዘቡም የለንም። በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ኦን ሎክ የሚባለው ድርጅት በ1973 እ.ኤ.አ. የጀመረው አረጋውያን በሚውሉበት ማዕከል ነበር። ጠዋት ይመጣሉ፣ የለመዱትን ምግብ ይበላሉ፣ ሐኪም ያያቸዋል፣ ማታ ቤታቸው ይገባሉ። ያ አሠራር ፔስ በሚል ስም ዛሬ በብዙ ስቴቶች አለ። እኛም ከዚህ መጀመር እንችላለን። የጾም ወጥ፣ ቡና፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም የሚያወራ ሰው፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ሐላል ሥጋና የስግደት ቦታ። ነርስ ሞልቶናል፣ አካውንታንት ሞልቶናል።

ገንዘቡስ ለሚል፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን ሜዲኬር እንዲህ ላለው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ አይከፍልም፤ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሆነው የቨርጂኒያ ሜዲኬይድ ግን መስፈርቱን ለሚያሟሉ አረጋውያን የቀን ማዕከሉን ወጪ ይከፍላል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ በሰበካ ጉባኤ ሥር አይሁን። የራሱ ቦርድና የራሱ ሒሳብ ያለው ድርጅት ይሁን፣ አለዚያ የደብሩ ጠብ እዚያም ይገባና ሽማግሌዎቹ መሀል ላይ ይቀራሉ። በቦርድ ጠብ ፍርድ ቤት የደረሱ ደብሮችን አይተናል።

ፈቃዱ የሚጠየቀው ከስቴቱ የሶሻል ሰርቪስ መሥሪያ ቤት ነው። ስልኬ እናንተ ዘንድ አለ፤ አዳራሹን እሰጣለሁ የሚል ደብር ወይም መስጊድ ከተገኘ ስጡት፣ ፎርሙን አብሬ እሞላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ