ከጀመራችሁት ጨርሱት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባህር ዳርቻና ደሴት ላይ የገቡ ወራሪ እንስሳት ይጥፉ በተባለ ቁጥር "እንስሳ ለማዳን ብሎ እንስሳ መግደል ጭካኔ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን አይጡንም ድመቱንም በመርከብ እዛ ያደረሰው ሰው ነው፣ የቦታው ወፎች ደሞ በእግሩ የሚመጣ አዳኝ ስለማያውቁ መሬት ላይ ነው ጎጆ የሚሰሩት። ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ጎፍ የምትባል ደሴት አለች፣ እዛ የቤት አይጥ ማታ ማታ አልባትሮስ የሚባለው ትልቅ የባህር ወፍ ጫጩት ላይ እየወጣ ከነነፍሱ ይበላዋል፣ ጫጩቱ በመጠን ስንት እጥፍ ቢበልጠውም መከላከል የሚባል ነገር አያውቅም፣ እዛው ጎጆው ላይ እንደተቀመጠ ደሙ እየፈሰሰ ይሞታል። እናትየው ደሞ በሁለት አመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው።

እኔን ያንገበገበኝ ግማሽ ላይ መተው ነው። የአውስትራሊያዋ ማኳሪ ደሴት ላይ እኤአ በ2000 ድመቶቹ ተለቅመው አለቁ፣ እሰይ ተባለ፣ ግን ጥንቸሉና አይጡ ቀርቶ ስለነበር ጥንቸሉ እንደጉድ ተራብቶ ተዳፋቱን ግጦ ግጦ አራቆተው፣ በ2006 መሬቱ ተንዶ ፔንግዊኖችን ገደለ። ከዛ በኋላ ነው ሁሉንም ባንዴ ለማጥፋት በሄሊኮፕተር መርዝ የተበተነው፣ ለዛውም በመርዙ ብቻ አላበቃም፣ የተረፉትን ጥንቸሎች በሰለጠኑ ውሾች አንድ በአንድ እያሳደዱ ለቀሟቸውና በ2014 ደሴቱ ነፃ ተባለ።

መርዙ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ማኳሪ ላይ የሞተ ጥንቸል የበሉ ብዙ ወፎችም ሞተዋል፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው፣ ይሄም ተደብቆ ሳይሆን በግልፅ ተነግሮ ነው መሰራት ያለበት። ግን ያ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ጥቂት አይጥ ተርፎ መልሶ ከተራባ የሞቱት ወፎች በከንቱ ሞቱ ማለት ነው። ጎፍ ላይ በ2021 ያ ሁሉ መርዝ ተበትኖ አመቱ ሳያልቅ አይጥ ታየ፣ እውነት ያሳዝናል። በሌላ በኩል እዛው ደቡብ አትላንቲክ ያለችው ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት በየተራ ለአመታት ተሰርቶ በ2018 ከአይጥ ነፃ ተባለች፣ እዛ ብቻ የምትገኘዋ ትንሽ ወፍም መልሳ መራባት ጀመረች።

ከዋናው መሬት ጋር የተያያዘ ዳርቻ ሲሆን ደሞ ይብሳል፣ ዛሬ ብታፀዳው ነገ ከጎን ይገባል፣ አጥርና ወጥመድ ሁሌም ይፈልጋል። ስለዚህ ባጀት የሚይዙ ሰዎች የመርዝና የሄሊኮፕተሩን ብቻ ሳይሆን ከዛ በኋላ ለብዙ አመት የሚቀጥለውን ክትትል አብረው ይያዙ፣ ጭነቱ ያልተፈተሸ ጀልባም እዛ አካባቢ ድርሽ አይበል።

አክባሪ አንባቢያችሁ