ልጆቹን ከአንበሶቹ ቤት ጀምሩላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ቅርስ የምታወጡትን ጽሑፍ አዘውትሬ አነባለሁ። ዛሬ እኔም እንደ አንድ እናት የምለው አለኝ።

በቅርቡ ከባለቤቴ፣ ከእናቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ፋሲል ግቢን ልናይ ጎንደር ሄደን ነበር። ትልቁ 11፣ መካከለኛዋ 8፣ ትንሹ ደግሞ 5 ዓመቱ ነው። ከመሄዳችን በፊት ሳስጠናቸው ነው የሰነበትኩት። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆሩ፣ ከሳቸው በኋላ እገሌ ነገሠ፣ ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገበ፣ እያልኩ። በሩን አልፈን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንሹ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጠጠር መልቀም ጀመረ። ልጅቷ "መቼ ነው የምንሄደው?" አለች። አስጎብኚያችን ብዙ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የሚያወራው ግን ለእኛ ለትልልቆቹ ነበር። እኔም "ዝም ብላችሁ አዳምጡ!" እያልኩ ልጆቹን እቆጣለሁ። አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል።

ነገሩን የቀየረው የአንበሶቹ ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ነገሥታቱ አንበሳ ያኖሩባቸው የነበሩ የድንጋይ ክፍሎች አሉ። ትንሹ ይሄን ሲሰማ ጠጠሩን ጥሎ ብድግ አለ። እዚህ የእውነት አንበሳ ነበር? ማነው የሚያበላቸው? ሌሊት ሲያገሱ ንጉሡ ይሰማቸዋል? አስጎብኚያችን ፊቱ በራ፤ ቁጭ ብሎ በልጁ ቁመት ያወራው ጀመር።

ከዚያ በኋላ መንገዱን የመሩን ልጆቹ ናቸው። የዐፄ ፋሲለደስን ግንብ፣ ሰዉ እንቁላል ግንብ እንደሚለው ስነግራቸው፣ በአራቱ ማዕዘን ያሉትን እንቁላል መሳይ ጉልላቶች እየዞሩ ቆጠሩ። የዐፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ ደግሞ ትልቁ ልጄ ቀና ብሎ "ጣሪያው የት ሄደ?" አለ። በወርቅና በዝሆን ጥርስ ያጌጠ ነበር የሚባልለት ቤት ዛሬ ሰማይ ይታይበታል። በ1704 እ.ኤ.አ. የምድር መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በኋላም በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ግቢውን ይዞት ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። "ጣሊያንን ለማስወጣት የእኛን ቤት?" አለኝ። ወዲያው የምመልስለት አጣሁ። ማታ እራት ላይ ከአባቱ ጋር ሲነጋገሩበት አመሹ። ያ ዓመተ ምሕረት ከእንግዲህ ከአእምሮው የሚጠፋ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም እኔ ስላስጠናሁት ሳይሆን ስለተናደደ ነው የያዘው።

ዐፄ ዳዊት ያሠሩት የዘፈን ቤት ውስጥ ልጅቷ ትንሽ ዘፈነች፣ እናቴም አጨበጨበችላት። በዐፄ በካፋ ግንብ አጠገብ ያለውን የፈረሶች ጋጣም አዩ። ሁሉንም ግንብ አላዳረስንም፤ አራት አምስቱ በቂ ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ወረድን። የዛፎቹ ሥር ግንቡን ጨብጦ መያዙን ሲያዩ ሦስቱም ዝም አሉ። እናቴ ድሮ ጥምቀትን እዚያ አሳልፋ ስለነበር፣ ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተስቦ እንዴት እንደሚሞላና ከቡራኬው በኋላ ወጣቱ እንዴት እየዘለለ እንደሚገባ ነገረቻቸው። "መቼ ነው የምንሄደው" ያለ ልጅ አልነበረም።

ልጅ ታሪክ አይወድም የሚሉ ወላጆች ብዙ ሰምቻለሁ፤ እኔም ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጅ የማይወደው ተራ በተራ የሚደረደር የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት ነው። እሱም መቅረት የለበትም፣ ግን ከጥያቄው በኋላ ይምጣ። ደግሞ ፎቶ ለማንሳት ስንሯሯጥ ጥያቄያቸውን እንዘለዋለን፤ ይሄን በብዙ ቤተሰብ አይቻለሁ። ግንብ ላይ መውጣት እንደማይቻልም ስንነግራቸው በቁጣ ብቻ መሆን የለበትም፤ ድንጋዮቹ በኖራ ተያይዘው ስንት መቶ ዓመት እንደቆሙ ከነገርናቸው ራሳቸው ይጠነቀቃሉ። የኔዎቹ ሌላ ልጅ ሲወጣ አይተው "ውረድ፣ ይፈርሳል!" ብለዋል።

አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣችሁ ላይ አንድ ገጽ፣ ወላጅ ቆርጦ ይዞት የሚሄድ፣ ለልጆች የሚሆን የጉብኝት ወረቀት አውጡልን። ስለ ፋሲል ግቢ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። የግቢውን 12 በሮች ፈልጉ፣ የበካፋ ፈረሶች የት ያድሩ ነበር፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይኑርበት፤ መልሱን ቦታው ላይ ፈልገው ያግኙት። አስጎብኚዎችም ቢያነቡት ለልጆች የሚያወሩት አያጡም። የልጆቼን ጥያቄዎች ደብተር ላይ ጽፌ ይዣቸዋለሁ፣ የሚጠቅማችሁ ከሆነ ሁሉንም እልክላችኋለሁ። የመጀመሪያው የትንሹ ነው፦ አንበሶቹን ማነው የሚያበላቸው?

አክባሪያችሁ፣ የሦስት ልጆች እናት