መጽሐፉን እነሱ ይምረጡት

ውድ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን «የዘንድሮ ልጅ ማንበብ ትቷል» የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ጸሐፊው ጥፋቱን ጠቅልለው ለስልክ ሰጥተውታል። ለስልክ ጥብቅና አልቆምም፤ የልጆቹን ጊዜ እንዴት እንደሚበላ በየቀኑ አያለሁ። ግን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሠራ ሌላም ነገር አያለሁ።

እኛ ጋ በአንዱ ግድግዳ ሥዕል ያላቸው የሕፃናት መጻሕፍት አሉ። ፊት ለፊቱ ደግሞ የአዋቂ ልቦለድ፣ ታሪክና ፍልስፍና ተደርድሯል። የ14 ዓመት ልጅ ሲገባ ያኛው ያሳፍረዋል፣ ይሄኛው ያስፈራዋል። ለእሱ ዕድሜ የሚሆነው አንድ እርከን ብቻ ነው። እዚያ ያሉትን መጻሕፍት ብታዩአቸው! ጥርዛቸው ተገንጥሏል፣ ገጻቸው ተጣጥፏል፣ ግማሾቹ በፕላስተር ነው የቆሙት። የፍልስፍናዎቹ እንደተገዙ አሉ፤ አቧራ ብቻ ነው የሚነካቸው። ልጆቹ አያነቡም ከተባለ እነዚያን መጻሕፍት እንዲህ ያደረጋቸው ማን ነው?

የወጣቶች መጽሐፍ የሚስባቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለታሪኩ እኩያቸው ነው። ብዙ ጊዜ ራሱ «እኔ» እያለ ያወራል፤ ነገሩም ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጦፋል። የመጀመሪያ ፍቅር አለ፣ የከዳ ጓደኛ አለ፣ የተፋቱ ወላጆች፣ ሞት፣ በመስታወት ፊት ከራስ ጋር መጣላት። አዋቂ ልጅነቱን በትዝታ ሲተርክ ቁስሉ ድኖለት ነው። እዚህ ግን ገና ትኩስ ነው። የዚህ ዘርፍ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዷ፣ አሜሪካዊቷ ኤስ. ኢ. ሂንተን፣ መጻፍ ስትጀምር የ15 ዓመት ተማሪ ነበረች። መጽሐፏ በ1967 እ.ኤ.አ. ሲታተም 18 ዓመቷ ነበር። የጻፈችው በዙሪያዋ ስላሉት ልጆች እውነቱን የሚናገር መጽሐፍ ብታጣ ነው። አዋቂዎቹን ብትጠብቅ ገና እየጠበቀች ነበር።

ቤት ውስጥስ? «ልቦለድ ምን ይሠራልሻል? ትምህርትሽን አንብቢ!» ይባላል። አንዲት ተማሪ የተዋሰችውን ልቦለድ በሒሳብ መጽሐፍ ሽፋን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አይቻለሁ። እንደ ኮንትሮባንድ! ፒሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ምዘና በ2018 እ.ኤ.አ. የ15 ዓመት ተማሪዎችን ሲጠይቅ፣ ኦኢሲዲ በሚባለው፣ በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች በተሰባሰቡበት ድርጅት አባል አገሮች ግማሽ ያህሉ «ግድ ካልሆነብኝ አላነብም» ብለዋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ምዘና ደግሞ ለደስታቸው ልቦለድ የሚያነቡት ከማያነቡት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ልቦለዱ ነው ጎበዝ ያደረጋቸው ወይስ ጎበዞቹ ናቸው ልቦለድ የሚወዱት? ይህ ሌላ ክርክር ነው። ቢያንስ ግን ልቦለድ ትምህርት ያበላሻል የሚለው ወሬ አያስኬድም።

ወላጆች «መጥፎ ነገር ይማሩበታል» ሲሉ ስጋታቸው ይገባኛል። ስለ ሱስና ስለ ራስን ማጥፋት የሚያወሩ መጻሕፍት አሉ። ልጁ ግን ወሬውን ከስልኩ ቀድሞ ሰምቶታል። ጥሩ መጽሐፍ መዘዙን እስከ መጨረሻው ያሳየዋል። ያልጣማችሁን መጽሐፍ ከመንጠቃችሁ በፊት እናንተም አንብቡት።

እኛም የትምህርት ቤት ሰዎች ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ልጁ መጽሐፍ ጨርሶ ሳይተነፍስ «ዋና ገጸ ባሕርይው ማን ነው? ጭብጡ ምንድን ነው? በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣ» እንለዋለን። ማንበብ ፈተና ሆነበት ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ በ1988 እ.ኤ.አ. አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌላ መንገድ ጀመረ። ጠዋት ከትምህርት በፊት 10 ደቂቃ ይነበባል። ሁሉም ያነባል፣ መምህሩም ጭምር። በየቀኑ ነው። መጽሐፉን እያንዳንዱ ራሱ ይመርጣል። ሌላ የሚጠየቅ ነገር የለም፤ ሪፖርት የለ፣ ማርክ የለ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ይሠሩበታል። 10 ደቂቃ እኮ ለሰልፍና ለስም ጥሪ የምናባክናት ናት።

መጽሐፉ 30ኛው ገጽ ላይ ከደበራቸውም ይተዉት። እኛስ ደባሪ ፊልም አቋርጠን እንነሳ የለ?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የመጽሐፍ ገጻችሁን ሁሌም አነባለሁ። የሚተቸው የአዋቂ መጽሐፍ ነው፣ ተቺውም አዋቂ ነው። በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ለታዳጊዎች ብትሰጡስ? መጽሐፉን ራሳቸው ይምረጡ፣ ራሳቸው ይጻፉበት። ፊደል አርሙላቸው፤ ሐሳባቸውን ግን አትንኩባቸው። ደባሪ ነው ካሉም ደባሪ ነው ብላችሁ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ