ዘንቢል አስይዘሽ ውሰጃት

እህቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። አባዬ፣ እማዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰላምታውን ሌላ ቀን አበዛዋለሁ፤ ዛሬ የቸኮልኩበት ነገር አለ።

እማዬ አዙሯት መውደቋን የሰማሁት ከሰው ነው። ለኡምራ ከመጣች የሰፈራችን ሴት። "እናትሽ ተሻላት?" ስትለኝ ምን ልበል? "አዎ፣ ተሽሏታል" አልኳት፣ የማላውቀውን። በ2014 ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ ተይዘው ስልክ ሲቋረጥ ምን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ዝም ስትሉኝ ልቤ አያርፍም። እንዳልጨነቅ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን በእኛ ቤት የሚደብቅ ሰው አንድ ይበቃል። ቀልዴን ነው።

ብሩን ልኬያለሁ። ግማሹ ለመድኃኒቷ፣ ግማሹ ለኒካህሽ። ምንዛሪው በ2016 ሐምሌ ከተለቀቀ ወዲህ ሪያሉ ብዙ ብር ያወጣል፤ የዘይቱን ዋጋ ስትነግሩኝ ግን ደስታዬ እዚያው ይቀራል። "አንቺማ ከሩቅ ማዘዝ ይቀልሻል" ያልሽኝን ሰምቻለሁ። ወላሂ አይቀልም። ተይው፣ የሰርግ ጭንቀት ነው ያናገረሽ።

ደሞ ልዘዝሽ ነው እንግዲህ። ሐኪሙ ለደም ግፊቷ ጨው ቀንሺ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ ብሏት እምቢ አለች አላችሁኝ። "ሥራ የፈታሁ ነኝ እንዴ?" አለች አሉ። እውነቷን እኮ ነው። በእኛ ከተማ ዝም ብሎ የሚንሸራሸር ማን አለ? ገና ከበር ሳትርቂ "ወዴት ነው?" ይልሻል ሰው። መልስ ከሌለሽ ወሬ ሆንሽ ማለት ነው። ስለዚህ ዘንቢል አስይዣት። ባዶም ቢሆን። ዘንቢል የያዘች ሴት ጉዳይ አላት።

ከአስር ሶላት በኋላ ይሁን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። በወፍጮ ቤቱ በኩል ውጡ። ባለወፍጮው እስከ ቅንድቡ ዱቄት ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል። እማዬ ስለ ማሽላዋ ሳትነታረከው አታልፍም፤ ተያት፣ ትንፋሿን ትሰበስብበታለች። አስፋልቱን ስትሻገሩ እጇን ያዣት፣ ሲኖትራኮቹ ለሰው አያዝኑም። ማንጎ የሚሸጡት ልጆች ጋ ግን አትቁሙ፤ አሳዘኑኝ ብላ ሁሉንም ልግዛ ትላለች።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ቦርከና። ቀስ ብላችሁ። የሽንኩርት ማሳውን በጠርዙ በኩል እለፉ፣ የውሃው ሞተር ቱክ ቱክ የሚልበትን። ሾላው ሥር ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ አለ አይደል? ያ ጠፍጣፋው፣ በአንድ ጎኑ በእሽታ ብዛት የለሰለሰው። እዚያ ላይ አስቀምጫት። ጫማዋን ታውልቅ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ትንከር። በደሴ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ ግን አትውረዱ። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ጎርፉ ከላይ እንደሚመጣ አንቺም ታውቂያለሽ።

በበጋ አፋሮቹ ግመላቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ሲመጡ ካገኛችኋቸው ቆማ ትቆጥራለች። አታስቸኩያት። የጥንቅሽ ጊዜ ከሆነም አንድ ሁለት አገዳ ግዢላት። አንጓው የተራራቀውን እየመረጠች፣ በጥርሷ ልጣ ትሰጠን እንደነበር ትዝ ይልሻል? አሁን ጥርሷ እንዴት ነው? እሱንም አልነገራችሁኝም።

ትምህርት ቤት ቦርከና አዋሽ ይገባል፣ አዋሽም አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፣ ባሕር አይደርስም ሲሉን ያሳዝነኝ ነበር። አሁን ብልህ ወንዝ ነው እላለሁ።

እዚህም ጅዳ ዓርብ ዓርብ ባሕር ዳር ይወስዱኛል። ሰው ጆሮው ላይ ሰክቶ እየተጣደፈ ይራመዳል። እኔ የሕፃኑን ጋሪ እገፋለሁ። ጥሩ ነው፣ አየር አገኛለሁ። ማዳሜም ክፉ አይደለችም። እንግዳ ከሌለ ማታ በጊዜ እተኛለሁ። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ሆኖ ነው እንጂ። ይህን ለእማዬ አታንቢላት።

ስለ ልጁ ደግሞ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ዓይኑ ረጋ ያለ ነው፣ ወድጄዋለሁ። አባዬ ካመነበት እኔ ምን እላለሁ? በሸዋል ኮምቦልቻ ትገቢያለሽ፣ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው። ቢሆንም እማዬን ማን ያራምዳታል? የአክስታችንን ትንሿን ልጅ ከአሁኑ አለማምጃት። መንገዱን አሳዪአት፣ የት የት እንደምታርፍም። እኔ ለኒካህሽ እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ፈቃድ አልሰጡኝም። አብሽሪ፣ እንዳታለቅሺ። ሒና ስትቀቢ ቪዲዮ ቅረጪና ላኪልኝ። በኢሞ ቀጥታ አይሁን፣ ይቆራረጥብኛል።

ከብሩ ላይ ከሁሉም በፊት ጫማ ግዢላት። ያ ላስቲክ ጫማዋ ወንዝ ዳር ያዳልጣታል። ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከላይ ሸራ የሆነ ይሁን። ሰኞ ባቲ ገበያ በርካሽ ተገኘ በያት። እውነተኛ ዋጋውን ካወቀች ለሰርጉ ነው ብላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፈዋለች።

እህትሽ
ከጅዳ