ከህንድ ካምፓስ የተጻፈ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ህንድ ፑኔ ከተማ ኤምቢኤ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ስለ ህንድ ሲወራ ሁሌ ወይ ፊልሙ ነው ወይ ህክምናው፣ እስቲ እኔ ደሞ ግቢ ውስጥ የማየውን ልጻፍላችሁ። እዚህ ማኔጅመንት መማር ማለት በቃ ፕሌስመንት ነው፣ ካምፓኒዎች ግቢ ድረስ መጥተው የሚቀጥሩበት ሰሞን ሆስቴሉ በሙሉ አይተኛም፣ ከረባት የሚዋዋሰው፣ መስታወት ፊት ቆሞ ኢንተርቪው የሚለማመደው... ትጋታቸው የምር ያስቀናል።

የከበደኝ የካስቱ ነገር ነው፣ ካስት ማለት ሰው ሲወለድ ጀምሮ በዘሩ የሚመደብበት የማኅበረሰብ ደረጃ ነው። ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 17 ላይ ሰውን አይነካም ብሎ ማግለልን እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ከልክሏል፣ ረቂቁን የመሩት ዶክተር አምቤድካርም ራሳቸው ከዳሊት፣ ማለትም ከካስቱ ሁሉ በታች ተደርጎ ከተገለለው ወገን፣ ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ግን የእሁድ ጋዜጣ ስትገልጥ የትዳር ማስታወቂያው በካስት ተከፋፍሎ ታገኘዋለህ፣ ሙሽራው ኤምቢኤ ቢኖረውም መጀመሪያ የሚታየው ዘሩ ነው። በማዕከላዊ መንግሥቱ ኮሌጆች ለዳሊቶች 15 ፐርሰንት ኮታ አለ፣ እና ክፍል ውስጥ ስለ ችሎታና ኮታ ክርክር ሲነሳ አንዳንዱ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፣ የአባት ስሙን እንኳ ጮክ ብሎ መጥራት አይፈልግም፣ ስሙ ካስቱን ይናገርበታላ! ይሄ በጣም ያመኛል።

እኛም አገር እኮ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ ተብሎ ከጋብቻ የተገለለ ስንት ሰው አለ። እባካችሁ በዚህ ጉዳይ ሰፋ ያለ ጽሁፍ አውጡ፣ የእጅ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን አናግሯቸው።

አንባቢያችሁ ከፑኔ