ለአማራ ክልል ዋና ኦዲተር፦ መጠለያውንና የቀበሌ ቤቱን አብረው ይዩልን

ለአማራ ክልል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት
ባሕር ዳር

የተከበሩ ዋና ኦዲተር፣

የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ሳላንዛዛ ልናገር። በደሴና በኮምቦልቻ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያና ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪ ቤት የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ የክዋኔ ኦዲት፣ ማለትም ገንዘቡ የታሰበለትን ሥራ መሥራቱን የሚያይ ምርመራ፣ ይደረግበት። ሁለቱም በአንድ ላይ ይታዩ።

ለምን በአንድ ላይ? ባሏ ደብድቧት መጠለያ የገባች ሴት እዚያው አትኖርም። ቁስሏ ሲደርቅ፣ ክሷ ሲታይላት ትወጣለች። ወዴት? ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ያለውን የኪራይ ቤት ያየ መልሱን ያውቀዋል። አንድ ክፍል፣ አራት የፓርኩ ሠራተኛ ሴቶች። ፍራሹ ግድግዳ ተደግፏል፣ ጀሪካኑ በር ሥር ነው። የማታ ፈረቃዋ ገብታ ስትተኛ የቀኗ በጨለማ ትለባብሳለች። ደመወዝ ያላት እንዲህ ከሆነች፣ ልጅ ያዘለችውና ሥራ የሌላትስ? ምርጫ ስታጣ እዚያው ሰውዬ ጋ ትመለሳለች። ለመጠለያው የወጣው ብር ግን በደረሰኝ ተወራርዷል፤ ጉድለት የለበትም።

ወረቀቱን እናውቀዋለን። ለመጠለያው የተገዛው ፍራሽ ሞዴል 19 በሚባለው ቅጽ ገቢ፣ ሞዴል 22 በሚባለው ወጪ ይሆናል። ፊርማና ማህተም አለው። ደረሰኝ ብቻ የሚያይ ኦዲተር ምንም አያገኝም። (ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው፣ ይቅርታ።) ስለዚህ ባለሙያዎችዎ አልጋ ይቁጠሩ። የሰኔ ግዢዎችንም ለይተው ይዩ። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ 30 ሳይደርስ የሚደረገውን ጥድፊያ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሰኔ የተገዛው ብርድ ልብስ መስከረም ላይ ማን ለብሶታል?

አንድ አደራ አለኝ። መጠለያ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት አይፈተሽም። አድራሻው ሪፖርት ላይ አይጻፍ። የሴቶቹ ስም ዝርዝር ፎቶ ኮፒ ተነስቶ ፋይል ውስጥ አይግባ፤ በመለያ ቁጥር መሥራት ይቻላል። የሚገቡት ኦዲተሮች ሴቶች ይሁኑ። ኮድ 4 የመንግሥት መኪና በሩ ላይ አይቁም። ደሴ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ጠዋት ፒያሳ የተወራ ከሰዓት ሆጤ ደርሷል።

ወደ ቤቱ ልምጣ። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወርሶ፣ ኪራያቸው ዝቅ ያለውን በቀበሌ እንዲተዳደሩ አደረገ። ዛሬም የድሃው ተስፋ እነዚያ ቤቶች ናቸው። ማን ነው የሚኖርባቸው? በስሙ ይዞ ለሌላ የሚያከራይ አለ እየተባለ ይወራል። ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ቤት ለቤት የሚዞር ኦዲት ግን ያጣራዋል። በኮንዶሚኒየሙም ለሴቶች 30 በመቶ ኮታ ነበር። ቁልፉ ዛሬ በማን እጅ እንዳለ ይታይ።

«ፋይሉ በጦርነቱ ጠፍቷል» የሚል መልስ ይገጥማችኋል። እውነት ነው፣ በ2014 የተዘረፈ ቢሮ አለ፣ አይተናል። ግን ከዚያ ወዲህ የተከፈለውስ? ጦርነቱ የበላው ፋይልና ሰው የደበቀው ፋይል ተለይቶ ይጻፍ።

ሪፖርቱ ለክልሉ ምክር ቤት ከቀረበ በኋላ ማጠቃለያው በሁለቱም ከተሞች ማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ነው። ከእያንዳንዱ ግኝት ጎን የሚስተካከልበት ቀንና የኃላፊው የሥራ መደብ ይኑር። «እርምጃ እየተወሰደ ነው» የሚለውን መልስ ጠግበነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የኮምቦልቻ ነዋሪ