ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ለሚወጣው ኤሲ

ይድረስ ለወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እትዬስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤ ካቋረጥኩ በጣም ቆየሁ፤ ይቅር በለኝ። ቤተሰቡን ይዘህ ደብረ ብርሃን ልትገባ መሆኑን፣ ያንን ኤሲም ነቅለህ ልታመጣው ማሰብህን ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። እትዬ በዚህ ዕድሜያቸው የታኅሣሥን ውርጭ ከሰል አስነድደው እንዲያድሩበት አልፈልግም። በር ተዘግቶ ከሰል በሚነድበት ክፍል የሚጠራቀመው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ስለዚህ ማሽኑን በደንብ እናስብበት።

መጀመሪያ የሚያሞቅ መሆኑን አረጋግጥ። ቆላ ላይ ለማቀዝቀዝ ብቻ የተሠራ ኤሲ ብርቅ አይደለም። ሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ማየት አይበቃም፤ አንድ ዓይነት ሪሞት ለብዙ ሞዴል ስለሚሠራ ምልክቱ ኖሮ ማሽኑ ላያሞቅ ይችላል። አውትዶሩ፣ ማለትም ውጭ የሚቀመጠው ክፍል፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። የማቀዝቀዝና የማሞቅ አቅም ለየብቻ ከተጻፈ ሂት ፓምፕ (የሚያሞቅም ኤሲ) ነው፤ የጋዙን ጉዞ የሚገለብጥ ባለ አራት መንገድ ቫልቭ አለው። የማሞቅ አቅም ካልተጻፈ እዚያው ሸዋ ሮቢት ሽጠው፤ እዚያ ገዢ አያጣም።

እዚያው ጽሑፍ ላይ የጋዙ ዓይነትና መጠን በግራም አለ። አር-22 ከሆነ ለመንቀያ አንድ ብር አታውጣ። ይህ ጋዝ ኦዞንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ታዳጊ አገሮች እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ፍጆታቸውን በ97.5 በመቶ መቀነስ አለባቸው፤ ነገ ጋዝ የማታገኝለትን ማሽን ነው የምትሸከመው። አር-410ኤ ወይም አር-32 ከሆነና ስምንት ዓመት ካልሞላው ማምጣቱ ያዋጣል እላለሁ። ከዚያ በላይ ያገለገለ ከሆነ ግን የማዛወሪያው ጠቅላላ ወጪ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ሲሶውን ካለፈ ተወው።

ዋጋ ስትጠይቅ «ነቅሎ መትከል ስንት ነው?» አትበል። በደፈናው የተነገረ ዋጋ ውስጥ የሚዘለለው ዓይን የማያየው ሥራ ነው። ተዘርዝሮ ይጻፍልህ፦ የመንቀያ እጅ ዋጋ፣ የመትከያ እጅ ዋጋ፣ የመዳብ ቱቦ በሜትር ከነልባሱ፣ የናይትሮጂን ፍተሻ (ቱቦው እንደማያፈስ ማረጋገጫ)፣ ቫኪዩም (ቱቦው ውስጥ ያለውን አየርና እርጥበት በፓምፕ መሳብ)፣ ጋዝ በግራም፣ ብራኬት (የግድግዳ መደገፊያ ብረት) ወይም የኮንክሪት መቀመጫ፣ ኬብልና ብሬከር፣ ጭነት። ባለሙያው ከአዲስ አበባ ከመጣ የ130 ኪሎ ሜትሩ መንገድና አበልም ይጨመራል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መዳብና ጋዝ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ፣ የባለፈውን ወር ዋጋ ይዘህ አትከራከር፤ በምትገዛበት ሳምንት ጠይቅ።

ትልቁን ገንዘብ የምታድነው ሲነቀል ነው። ባለ 12 ሺህ ቢቲዩ (የኤሲ አቅም መለኪያ) ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 1.2 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። ያንን ጋዝ ወደ ሰማይ ለቆ ቱቦ የሚፈታ ሰው ሁለት ጊዜ ያስከፍልሃል፤ አየሩንም ይበክላል። ትክክለኛው አሠራር ጋዙን አውትዶሩ ውስጥ መሰብሰብ ነው። ማሽኑ በማቀዝቀዝ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለዚህ ይመቻል። ጌጅ (የግፊት መለኪያ) በወፍራሙ ቱቦ ቫልቭ ላይ ይታሰራል። ከዚያ የቀጭኑ ቱቦ ቫልቭ በአለን ቁልፍ ይዘጋል፤ ጌጁ ወርዶ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የወፍራሙ ይዘጋና ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ሞተር) እየሠራ ቱቦ መፍታት ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የተሳበ አየር ከዘይቱ ጋር ታምቆ ሲግል ኮምፕሬሰሩን ሊያፈነዳው ይችላል። ቱቦዎቹ እንደተፈቱ አፋቸው ወዲያው ይደፈን፤ አቧራና እርጥበት ከገባ በኋላ የሚወጣው በብዙ ድካም ነው።

ሲጫን አውትዶሩ ቆሞ ይታሰር፤ በጎኑ አይተኛ። ከተኛ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ይፈስሳል። የጣርማ በርን ጠመዝማዛ ስታስብ በፒክአፕ ላይ በአራቱም ማዕዘን ማሰር ግድ ነው። ከደረሰ በኋላ ቆሞ ይደር፤ በማግስቱ ይተከል።

የድሮውን መዳብ እንደገና ልጠቀም ካልክ አንድም ቦታ ያልተጣመመና ያልታጠፈ መሆኑን እይ። የፍሌር ጫፎቹ (እንደ ጥሩምባ የተከፈቱት የቱቦ አፎች) ተቆርጠው አዲስ ይውጣላቸው። ለ12 ሺህ ቢቲዩ ብዙውን ጊዜ ሩብና ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፤ ለ18 ሺህ ሩብና ግማሽ። የፍሌር ፍሬ በጉልበት አይጠብቅም፦ ለሩብ ኢንች ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለሦስት ስምንተኛ ከ34 እስከ 42። ከዚያ ካለፈ መዳቡ ይሰነጠቅና ከወራት በኋላ ማፍሰስ ይጀምራል።

ደብረ ብርሃን ላይ ብዙ ባለሙያ የሚስተው የከፍታውን ነገር ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ቱቦው ከተገጠመ በኋላ በደረቅ ናይትሮጂን ይፈተሻል፤ ለአር-410ኤና ለአር-32 ከ30 እስከ 40 ባር፣ በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ወሰን ሳያልፍ። የብየዳ ኦክስጅን በየጋራዡ ስለማይጠፋ «ያው ግፊት ነው» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። ከበር መልሰው። ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ናይትሮጂኑ ተሞልቶ ሲያድር ጌጁ ወርዶ ብታገኝ ቶሎ አትደንግጥ፤ 30 ባር ላይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ግፊቱ በ0.1 ባር ገደማ ይወርዳል። ከሰዓት 18 ዲግሪ የነበረው ሌሊት 4 ከገባ 1.4 ባር መውረዱ ከብርዱ ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ ካልወጣ ግን ማፍሰሻ አለ፤ በሳሙና አረፋ ፈልጉት።

ቀጥሎ ቫኪዩም። ባሕር ጠለል ላይ የተለመደው መርፌ ጌጅ ሙሉ ቫኪዩም ሲደርስ ወደ 30 የሜርኩሪ ኢንች ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ አነስተኛ ነው፤ መርፌው 21 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ አይወርድም። ሸዋ ሮቢት 25 ተኩል ገደማ ይደርስ ነበር። አንዱ «ፓምፑ ተበላሽቷል» ብሎ ያቋርጣል፤ ሌላው መርፌው ስለቆመ ብቻ ጨረስኩ ይላል፣ እርጥበቱ ግን አልወጣም። መፍትሔው የማይክሮን ጌጅ (እጅግ አነስተኛ ግፊትን የሚለካ) ነው፤ ከ500 ማይክሮን በታች ይውረድ፣ ፓምፑ ተዘግቶ ቁጥሩ ተመልሶ አለመውጣቱ አሥር ደቂቃ ይታይ። እርጥበት ውስጥ ከቀረ ከዘይቱ ጋር አሲድ ይፈጥርና የኮምፕሬሰሩን ጥምጥም ይበላዋል። ቫኪዩሙን ትቶ በጥቂት ጋዝ አየሩን «እገፋዋለሁ» ለሚል ሰው ሥራ አትስጥ።

አዲሱ ቤት ቱቦው ፋብሪካው ካሰበው ርዝመት፣ ከ5 ወይም ከ7.5 ሜትር፣ ካለፈ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ከ15 እስከ 20 ግራም ጋዝ ይጨመራል፤ በሚዛን ይመዘን። አር-410ኤ ቅልቅል ስለሆነ ሲሊንደሩ ተገልብጦ በፈሳሽነቱ ይሞላ። አር-32 እሳት ሊይዝ ስለሚችል ሥራው ላይ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ አይቅረብ።

ቦታውን በተመለከተ፣ የጭቃ ግድግዳ ከ25 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን አውትዶር አይሸከምም፤ መሬት ላይ የኮንክሪት መቀመጫ ይሠራ፣ ቢያንስ በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ። ሲያሞቅ ውኃው የሚወጣው ከውጭ በኩል ነው፤ አመዳዩን ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ማሞቁን ሲያቋርጥም ብዙ ውኃ ያፈስሳል፣ ያም ሌሊት መልሶ በረዶ ይሆናል። መተላለፊያ ላይ እንዳይፈስ አስበህ አስቀምጠው። ከፊቱ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሁን፤ ባሕር ዛፍ ሥር አይሁን፣ ቅጠሉ ይደፍነዋል። ሁለቱም ቱቦዎች ለየብቻ ይልበሱ፤ የደጋው ፀሐይ ጥቁሩን ልባስ ስለሚያፈረካክሰው ከላይ ይሸፈን።

አቅሙን በተመለከተ፣ ጽሑፉ ላይ ያለው የማሞቅ አቅም የተለካው ውጭው 7 ዲግሪ ሲሆን ነው። በውርጭ ሌሊት፣ በሳሳ አየር፣ ከዚያ በታች ይሰጣል። ስለዚህ ለእትዬ መኝታ ቤት እንጂ ለሳሎኑ አትትከለው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ግድግዳው ሳይቀዘቅዝ አስነሣው፣ 20 ዲግሪ ላይ ተወው። ወደ 1 ኪሎ ዋት የሚስብ ማሽን በቀን አምስት ሰዓት ቢሠራ በወር 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ተመሳሳይ ሙቀት በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብትፈልግ ሁለት ሦስት እጥፍ ይቆጥራል፤ ታሪፉም ፍጆታ ሲጨምር ወደ ውዱ እርከን ያስገባሃል። ለ12 ሺህ ቢቲዩ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል፣ 16 አምፔር ብሬከር፣ የሚሠራ ግራውንድ ይኑር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚያዘገይ የቮልቴጅ መከላከያ ግዛለት፤ ኢንቨርተር (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ የሚቆጣጠር) ከሆነ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው፣ ከኮምፕሬሰሩ ቀጥሎ ውዱ ዕቃም እሱ ነው።

አገልግሎቱ ቀላል ነው። በበጋ አቧራ ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ ራስህ እጠበው፤ በዓመት አንዴ፣ ከመስቀል በፊት፣ የውስጡና የውጭው ክንፎች በባለሙያ ይታጠቡ፣ ካፓሲተር (ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ) ካለው ይለካ። በየዓመቱ «ጋዝ ይሞላ» ከተባልክ ግን አትክፈል። ጋዝ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ቀነሰ ማለት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ተገኝቶ ሳይደፈን የሚሞላው ጋዝ ሁሉ ኪሳራ ነው።

ከተቻለ የሚነቅለውና የሚተክለው አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለት ከሆኑ ብልሽት ሲመጣ አንዱ በሌላው ያላክካል። የአውትዶሩን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ በአዲሱ ቤት ከውስጥ ክፍሉ እስከ አውትዶሩ ስንት ሜትር እንደሚሆንም ለካው። ሁለቱ ሲደርሱኝ ስንት ሜትር መዳብና ስንት ግራም ጋዝ እንደሚያስፈልግህ አስልቼ እጽፍልሃለሁ። እትዬን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ